የትንሿ ሞተር ጓርኒሲዮን፦ ፋብሪካው ሲዘጋ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ሰምቷል። ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ነው። መካኒኩ የተቃጠለችውን ስስ ነገር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያሳየናል፤ እኛም የገባን መስለን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ሒሳቡን ከፍለን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። ያቺ የተንጠለጠለችው ነገር ሥራዋ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተቃጠለች፣ ምትኳ ከምንና እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ቃሉን ራሱ ከጣሊያን መካኒኮች ነው የወረስነው፤ ወጣቶቹ አሁን አሁን ጋስኬት ይሉታል። ሁለት ብረቶች በብሎን ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ገብቶ ጋዝ፣ ዘይት ወይም ውኃ እንዳያልፍ የሚዘጋ ስስ ማሸጊያ ማለት ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ማሸጊያ ነው። ምሳሌዬ ግን የመኪና ሞተር ሳይሆን መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ናት። «የአውሮፕላን መጫወቻ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። ትንሿን ሞተር የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መኪና ላይ የማይታየው ስሕተት እዚህ ጎልቶ ይታያል፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ሞተሯን ያስነሳታል ወይም ይገድላታል። ሁለተኛ፣ ምሳሌ ያደረግኋት ሞተር የተሠራችበት ድርጅት ምርቱን አቁሞ ዕቃውን ከሸጠ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ «ኦሪጅናሉን ግዛ» የሚለው የተለመደ ምክር አይሠራም። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ ወይም የሰፈር ጄኔሬተር ያለው ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል፦ ብረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ወረቀቷ ስለጠፋች ብቻ ማሽኑ ይጣል?

ሞተሯ ኮክስ ትባላለች። ሌሮይ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1945 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ የእንጨት መጫወቻ ጠመንጃ በመሥራት የጀመረው ድርጅት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ሞተሮችን አምርቷል። በጣም የታወቁት ባለ 0.049 ኪዩቢክ ኢንች ናቸው፤ በእኛ መለኪያ 0.8 ሲሲ ገደማ። የሻይ ማንኪያ 5 ሲሲ ይይዛል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ የዚህች ሞተር ሆድ የማንኪያው አንድ ስድስተኛ ነው። የሲሊንደሯ ስፋት 10.3 ሚሊሜትር፣ ፒስተኗ የምትመላለስበት ርቀት 9.8 ሚሊሜትር ነው። ይህችው ፍጥረት በደቂቃ ከ10 ሺሕ ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ1996 የሞዴል ሮኬት ለሚሠራው ኤስቴስ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፤ በ2009 ደግሞ የቀረው የመለዋወጫ ክምችት ሁሉ ለገዢዎች ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ ተራፊ ዕቃ የሚቸረችሩ፣ አንዳንዱንም በራሳቸው የሚያሠሩ አድናቂዎች አሉ። ይሁንና ከአዲስ አበባ ሆኖ አንዲት የወረቀት ቀለበት ለማዘዝ የመላኪያው ክፍያ የዕቃውን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሜሪላንድ የሚኖር የእህቴ ልጅ፣ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን ደጃፋቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡበት በጥቂት ዶላር የገዛትን አንዲት እንዲህ ያለች ሞተር ይዞልኝ ስለመጣ ነው እኔም ነገሩ ውስጥ የገባሁት።

አሮጌ ሞዴል ሞተር ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ ደርቃ ነው የምታገኟት። ጥፋተኛው የእኛው ጉሎ ነው። የዚህች ሞተር ነዳጅ ቤንዚን አይደለም፤ ሜታኖል የተባለው አልኮል፣ ኃይል የሚጨምር ናይትሮሜቴን የተባለ ኬሚካልና የጉሎ ዘይት ተደባልቀው የሚሠራ ነው። የጉሎ ዘይት ከሜታኖል ጋር በደንብ ይዋሐዳል፤ ብዙ ዘይት ተቃጥሎ በሚያልቅበት ሙቀትም ብረቱን ማለስለሱን አያቆምም። ጉድለቱ ሲቀመጥ ነው። ሞተሯ ሳትጸዳ ዓመታት ካሳለፈች ዘይቱ እንደ ቫርኒሽ ይደርቅና ፒስተኑን ከሲሊንደሩ፣ ብሎኑን ከጥርሱ፣ ጓርኒሲዮኑንም ከብረቱ ጋር ያጣብቃል። እንዲህ የተጣበቀን በጉልበት መፍታት የብሎኑን ራስ ከመጋጥ በቀር ጥቅም የለውም። የፀጉር ማድረቂያ አምጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ይሻላል፤ ቫርኒሹ ይለሰልሳል፣ ብሎኑም እሺ ይላል። የድሮው የወረቀት ጓርኒሲዮን ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ብረቶች ጋር ተካፍሎ ይቀደዳል። ምትክ መሥራት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። ቁርጥራጩን ሁሉ ሰብስቡ፤ አንዱንም እንዳትጥሉ። ኋላ ምስክር ይሆናል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ላይ እንምጣ። ይህች ወረቀት ብትጎድል ምን ይመጣል? መኪና ላይ የኮሎዶኬው ቤት ማሸጊያ ቢያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ባለቤቱ ከሥር ካርቶን አንጥፎ ለወራት ሊነዳው ይችላል። ትንሿ ሞተር ግን ሁለት ምት ናት፤ አተነፋፈሷ ሌላ ነው። አየርና ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይገቡም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው የኮሎዶኬው ቤት ክፍት ቦታ ይሰፋና ድብልቁን ከውጭ ይስባል፤ ፒስተኑ ሲወርድ ያንኑ ድብልቅ አፍኖ በጎን በኩል ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ይገፋዋል። ማለትም የኮሎዶኬው ቤት ለሞተሯ ሳንባዋ ነው። ሳንባው በጀርባ በኩል በጥቂቱ ከቀደደ፣ ሞተሯ በካርቡራተሯ ያልተለካ አየር በስንጥቁ ትስባለች። ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ነዳጅ ሲያንስ ደግሞ ዘይትም ያንሳል፤ ምክንያቱም የሚያለሰልሳት ዘይት ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው። ሞተሯ ትግላለች፣ ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የነዳጅ መርፌዋን ደጋግመው ቢያስተካክሉት አይረጋም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ካርቡራተሯን ይወነጅላል። ንጹሑ ታስሮ ወንጀለኛው በነፃ የሚሄድበት ሁኔታ ማለት ይህ ነው።

ከላይ በኩል ያለችው ማሸጊያ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። ሲሊንደሩና ቴስታታው መካከል የምትቀመጠው ከመዳብ የተሠራች ስስ ቀለበት ናት። የነዳጁ ፍንዳታ በቀጥታ የሚያገኛት እሷን ነው፤ ወረቀት እዚያ ቦታ አንድ ደቂቃ አይኖርም። ይህችም ሥራዋ መዝጋት ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 9.8 ሚሊሜትር ነው ብለናል። ለምሳሌ ያህል የሞተሯ አፈና ስምንት ለአንድ ነው እንበል። ይህ ማለት ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ክፍተት 1.4 ሚሊሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ከዋናው ቀለበት በ0.1 ሚሊሜትር የወፈረ ምትክ ብታስገቡ ክፍተቱ 1.5 ይሆናል፤ አፈናውም ከስምንት ወደ ሰባት ተኩል ይወርዳል። 0.1 ሚሊሜትር የአንድ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት ነው! ፒስተኑ 75 ሚሊሜትር በሚመላለስ የመኪና ሞተር ላይ ይኸው ልዩነት ከአንድ በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ ማንም አይሰማውም። በትንሿ ላይ ግን ሰባት በመቶ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ይህች ሞተር እንደ መኪና በተወሰነ ቅጽበት እሳት የሚረጭ ካንዴላ የላትም። ያላት ግሎው ፕላግ የምትባል፣ ውስጧ የፕላቲነም ሽቦ ያለባት ናት። ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1947 ለገበያ ካቀረባት ወዲህ የሞዴል አውሮፕላንን ዓለም የቀየረች ዕቃ ናት። ለማስነሳት በ1.5 ቮልት ባትሪ ትግላለች፤ ሞተሯ ከተነሳች በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ሽቦዋን ግሎ የሚያቆየው የፍንዳታው ሙቀትና ሜታኖል ከፕላቲነም ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ኬሚካዊ ለውጥ ነው። እሳቱ መቼ እንደሚያያዝ የሚወስነውም በከፊል አፈናው ነው። ቀለበቷ ከወፈረች እሳቱ ይዘገያል፣ ሞተሯ ትልፈሰፈሳለች። ከሳሳች እሳቱ ይቀድማል፤ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ይመታል፣ ሽቦዋም ቶሎ ይበጠሳል። እንግዲህ ጓርኒሲዮን ብረትና ብረት መሐል የሚገባ ቡሽ ሳይሆን፣ መሐንዲሱ አስቦ ያስቀመጠው መጠን ነው። ምትክ የሚሠራ ሰው የሚቆርጠው ቅርጽ ብቻ ከሆነ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

ማሸጊያ ንቆ የተጎዳ ትልቅ ተቋም ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር ከሰባት ተጓዦቿ ጋር የጠፋችው በሮኬቷ መገጣጠሚያ ላይ የነበረው የጎማ ቀለበት በጧቱ ብርድ ደርቆ ቦታውን መሙላት ስላቃተው ነበር። ያንን ጎማ ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በበረዶ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ በሕዝብ ፊት አሳይቶታል።

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። የሰውን ፋብሪካ ዕቃ አስመስሎ መሥራት ይፈቀዳል ወይ? ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ትልልቅ ፍርድ ቤቶች ተከራክረውበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1961 «አሮ» በተባለው መዝገብ የቀረበለት ጉዳይ ስለ መኪና የጨርቅ ጣራ ነበር። ብረቱም ጨርቁም በአንድነት በፓተንት የተጠበቁ ናቸው። ጨርቁ በሦስት ዓመት ገደማ ያልቃል፣ ብረቱ ይቆያል። ጨርቁን ብቻ ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ያለቀውን ክፍል መተካት ጥገና እንጂ አዲስ ዕቃ መሥራት አይደለም አለ፤ ዕቃውን የገዛ ሰው እንዲያገለግለው የማድረግ መብትም አብሮ ገዝቷል ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ በ1986 የጌቶች ምክር ቤት ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው የመኪና ፋብሪካ የጭስ ማውጫ ቱቦ በሚሠራ ድርጅት ላይ ባቀረበው ክስ ተመሳሳይ አቋም ያዘ፦ መኪና የሸጠ ፋብሪካ ገዢው እንዳይጠግነው በንድፉ መብት ሊያግደው አይችልም። ኋላ ላይ የእንግሊዝ ዳኞች የዚህን ፍርድ ወሰን አጥብበውታል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የጥገና መብት መመሪያም ለተወሰኑ የቤት ዕቃዎች አምራቹ በውልም ሆነ በቴክኒክ ጥገናን እንዳያደናቅፍ ይከለክላል።

በእኛም አገር የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የፓተንት ባለመብት መብት ለንግድ ባልሆነ ዓላማ የሚደረግን ተግባር እንደማያካትት ይደነግጋል። ቤቱ ተቀምጦ ለራሱ ሞተር ወረቀት የሚቆርጥ ሰው እንግዲህ በሰላም ይቁረጥ። የሚያስጠይቀው የሠራውን ዕቃ በሌላው የንግድ ስም አሽጎ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የገዛ ሰው ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። እኔ በበኩሌ «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ በግልጽ የሚሸጥልኝን ከሐሰተኛው «ኦሪጅናል» አስበልጣለሁ።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ውፍረቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ቁራጮች አንዱን በማይክሮሜትር ለኩ፤ መለካት ያለበት ብረቶቹ የተጫኑት ቦታ ነው። ወደ ውጭ ተርፎ የወጣው ጠርዝ ያልታመቀ ስለሆነ ወፍሮ ይታያል። የሁለቱ ልዩነት አዲሱ ወረቀት ሲጠብቅ ምን ያህል እንደሚታመቅ ይነግራችኋል። ማይክሮሜትር የሌለው ሰውም አይጨነቅ። አምስት መቶ ቅጠል ያለው የፎቶኮፒ ወረቀት ጥቅል ከፍታው አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ለአምስት መቶ ሲካፈል 0.1 ሚሊሜትር ይመጣል። በዚሁ ዘዴ የማንኛውንም ወረቀት ሃያ ሠላሳ ቅጠል ደርቦ በማስመሪያ መለካትና ማካፈል ይቻላል።

የወረቀቱ ዓይነት ላይ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። ለኮሎዶኬው ቤት ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ፣ የማይላላጥ ወረቀት ይበቃል። ቡናማው የፖስታ ወረቀት ጥሩ ነው። ወፈር ያለ ካስፈለገ ደግሞ የቢሮ መዝገብ ማቀፊያው ካርቶን ይሆናል። ስንት ዓመት ክርክር ተሸክሞ የኖረ ካርቶን የአንዲት ሞተር ጭነት አያቅተውም። የፈሳሹ ነገር ግን ሊታሰብበት ይገባል። ሲሊኮን የሜታኖሉን ነዳጅ ይችላል፤ ቤንዚን ሲነካው ግን አብጦ ይበላሻል። ተራው ጥቁር ጎማ ደግሞ ናይትሮሜቴን አይስማማውም። አንዱ ሞተር ላይ የሠራ ነገር ሌላው ላይ ይሠራል ብሎ መገመት የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ከቱቦ የሚጨመቀውን ማሸጊያ ማስቲሽ ጋራዦቻችን ይወዱታል፤ ትንሽ ሞተር ላይ ግን አልመክርም። ሲጠብቅ ወደ ውስጥ የሚተርፈው ቅንጣት መተላለፊያዋን ለመድፈን ይበቃል።

ከአሮጌ መኪና ጓርኒሲዮን ቆርጦ ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቀድሞ ዘመን ከተሠሩት ብዙዎቹ ውስጥ አስቤስቶስ አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ማዕድን ነው። አሜሪካ እንኳ እስከ ዘመናችን ትጠቀምበት የነበረውን ዓይነት የከለከለችው በመጋቢት 2024 ነው፤ ክልከላው የጓርኒሲዮን ሉህንም ይጨምራል። ምን እንደሆነ የማታውቁትን አሮጌ ማሸጊያ በደረቁ አትፈቅፍቁ፣ በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉ። አርጥቡት፣ በእርጥቡ አንሱት፣ በፕላስቲክ ቋጥራችሁ አስወግዱት። ጋራዥ ውስጥ በነፋስ መሣሪያ ብናኙን ሲያቦንኑት ያየ ሰውም ራቅ ብሎ ይቁም።

ቅርጹን ለማግኘት መካኒኮቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። ካርቶኑን ብረቱ ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይመቱታል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ይቆርጠዋል። ለወፍጮ ሞተር ግሩም ዘዴ ነው። የትንሿ ሞተር አሉሚኒየም ግን ለስላሳ ስለሆነ ጠርዙ ይደፈጠጣል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ጓርኒሲዮን አይዘጋውም። እዚህ መዶሻው ይቅርና ወረቀቱን ብረቱ ላይ አጥብቃችሁ በእርሳስ ጎን አሹት፤ ልጆች ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገው እንደሚያወጡት ምስሉ ይወጣል። ቢሮ የምትውሉ ደግሞ የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። ክፍሉን ስካነር መስታወት ላይ አስቀምጡና በ600 ዲፒአይ አንሱት፤ እያንዳንዱ ነጥብ 0.042 ሚሊሜትር ነው። ከጎኑ ማስመሪያ አብራችሁ ብታስቀምጡ ታትሞ ሲወጣ መጠኑ አለመዛባቱን በእሱ ታረጋግጣላችሁ። ፕሪንተር «ከገጹ ጋር ላመጣጥን» እያለ ምስሉን የማሳነስ ልማድ አለው።

አቆራረጡ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የብሎን ቀዳዳዎቹ፣ ቀጥሎ የውስጡ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻ የውጭው ዙሪያ። ዙሪያውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ቀዳዳውን ሲበሳ ስሷ ቀለበት ትቀደድበታለች። ቀዳዳውን በድሪል አትሞክሩት፤ ወረቀት ይጎለጉላል እንጂ አይበሳም። ጫማ ሰፊዎች ቀበቶ የሚበሱበት መሣሪያ ያገለግላል። ለትንንሾቹ ደግሞ የተሰበረ የራዲዮ አንቴና ፈልጉ። አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገቡ ቱቦዎች ስለሆነ በየመጠኑ መብሻ ይሆናል፤ የአንዱን ጫፍ በሞረድ ማሳል ብቻ ነው። ምናለሽ ተራ ሄዶ አንቴና ያጣ ሰው አላውቅም። ለዙሪያው አዲስ ምላጭ ያስፈልጋል። በአንድ ጉልበት ለመቁረጥ ከመሞከር ሦስት አራት ጊዜ ቀለል አድርጎ ማስኬድ ይሻላል። የውስጡ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ጭራ ካለ አንሱት፤ ተበጥሶ ኮሎዶኬው ቤት ውስጥ የሚዞር ወረቀት ማየት አትፈልጉም።

የቴስታታው የመዳብ ቀለበት ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ደስታውም የሚበልጠው እዚህ ነው። ስስ የመዳብ ሉህ እንዲሁ በመቀስ ቢቆረጥ ይጣመማል፤ የተጣመመ ቀለበት ደግሞ አይዘጋም። ቶርኖ ያለው ባለሙያ ሉሁን በሁለት ወፋፍራም ክብ ብረቶች መካከል አጣብቆ ይቆርጠዋል፤ ብዙ ቀለበት በአንድ ጊዜ ይወጣል። ሥራው ለቶርኖው ባለሙያ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ እናንተ ይዛችሁለት መሄድ ያለባችሁ የተለካ ውፍረት፣ የውስጥና የውጭ ስፋት ነው። መዳብ ከጠፋ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ጎን 0.1 ሚሊሜትር ገደማ አሉሚኒየም ነው፤ ቀለሙና የውስጡ ፕላስቲክ ቅብ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ከለቀቀ በኋላ ለጊዜው ይሠራል።

መዳብ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው። ሲመታ፣ ሲታጠፍ፣ ሲጫን ይጠነክራል፤ የጠነከረ ቀለበት የብረቱን ትንንሽ ጉድጓድና ጭረት ሞልቶ አይዘጋም። ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ብታግሉትና ብታቀዘቅዙት ግን ወደ ልስላሴው ይመለሳል፤ በውስጡ የተጨናነቁት ክሪስታሎች በሙቀቱ እንደ አዲስ ይደራጃሉ። ብረት አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር ያጠነክረዋል፤ መዳብ ግን ውኃ ውስጥ ቢነከርም ልስላሴውን አያጣም። ስለዚህ ያልተቀደደ አሮጌ የመዳብ ቀለበት መጣል የለበትም። በወጥ ቤት ጋዝ ላይ በፒንሳ ይዞ ማጋል፣ ማቀዝቀዝ፣ ጥቁሩን ቅርፊት ማጽዳት፣ መልሶ መግጠም ነው። አሉሚኒየም ላይ ይህን አትሞክሩ። መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው፤ አሉሚኒየም ግን በ660፣ ያውም ከመቅለጡ በፊት ቀልቶ አያስጠነቅቅም።

ሲገጠም ሁለቱም ብረቶች ንጹሕ መሆን አለባቸው። አሮጌው ወረቀት የተጣበቀበትን በቢላ አትፋቁት፤ በአልኮል አርሳችሁ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ግፉት። አዲሱን ወረቀት ጥቂት የጉሎ ዘይት አስነኩት፤ ይታመቃል፣ ቀዳዳውን ይሞላል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሳይቀደድ ይነሳል። ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ፣ አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱን፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። አንዱን ጎን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው ክዳኑን ያጣምመዋል። የእነዚህ ብሎኖች ጥርስ ለስላሳ አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ሁለት ጣት የሚያጠብቀው ይበቃል።

ከዚያ ነዳጅ ሳይገባ ፈትኑት። በመገጣጠሚያው ዙሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጉና ፕሮፔለሩን በጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የሚቀድ ቦታ ካለ አረፋ ይወጣል፤ በየት በኩል እንደሆነም ያሳያችኋል። አረፋ ከሌለና ፕሮፔለሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ ላስቲክ ወደ ኋላ ከገፋችሁ አፈናው አለ። ነዳጁን ስትሞሉ ሜታኖል መርዝ መሆኑን አትርሱ፤ ሲጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ በፀሐይ ብርሃን ሲቃጠል ነበልባሉ አይታይም። ልጆች አጠገብ ከሆኑ ፕሮፔለሩ በሚዞርበት ፊት ለፊት አይቁሙ።

መጀመሪያ ከተነሳችና ከሞቀች በኋላ አጥፍታችሁ እስክትቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ወረቀቱ በሙቀቱ ተጨማሪ ስለሚታመቅ ብሎኖቹ ጥቂት ላልተው ታገኟቸዋላችሁ፤ አንድ ጊዜ እንደገና ይጥበቁ። የቆረጣችሁበትን ንድፍ ደግሞ አትጣሉት። ላዩ ላይ የሞተሯን ስም፣ የወረቀቱን ዓይነትና ከመታመቁ በፊትና በኋላ የነበረውን ውፍረት ጻፉበትና ሁለት ትርፍ ቀለበት ጨምራችሁ ከሞተሯ ጋር በአንድ ፖስታ አስቀምጡት።